የዓባይን በረሃ ድርብርብ አለቶች እንዴት እናንብብ? ከወንዙ ዳር እስከ ደጋው ጫፍ

በኦጋዴን የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲገኝ፣ ጋዙን አምቀው ከያዙት አለቶች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነበር። ይህን አለት በዚያ ስፍራ ለማየት በሺህ ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት መቆፈርና የወጣውን ፍርፋሪ በማጉያ መነጽር መመርመር ያስፈልጋል። በዓባይ በረሃ ግን፣ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ ያው አለት በወንዙ ዳር ገደል ሆኖ ቆሟል፤ ከበላዩ የተደረደሩት አለቶችም እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ በተራ ይታያሉ። ወንዙ ምድሩን የቆረጠበት ስፋት በየትኛውም የቁፋሮ ጉድጓድ ሊታይ ስለማይችል፣ የደለል ተፋሰስን አፈጣጠርና በውስጡ ያለውን ሀብት መረዳት የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን እዚህ ቢጀምር እመክራለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ገደሉን ከታች ወደ ላይ እየወጡ እንዴት መመልከት፣ መለካትና መመዝገብ እንደሚቻል ነው።

አስቀድሞ አንድ ቃል መጥራት አለበት። በተለምዶ «የዓባይ ተፋሰስ» ስንል ዝናቡ ወደ ዓባይ የሚፈስበትን የዛሬውን ምድር ማለታችን ነው። የሥነ ምድር ባለሙያ «የደለል ተፋሰስ» ሲል ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ የምድር ቅርፊት በጥንት ዘመን ቀስ በቀስ እየሰመጠ፣ አሸዋ፣ ጭቃ፣ የባሕር ውስጥ ቅርፊትና የተነነ ውሃ ዝቃጭ በላዩ ላይ እየተደራረበ አለት የሆነበትን ስፍራ ነው። የዛሬው ወንዝ ከጥንቱ ተፋሰስ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸው ወንዙ የጥንቱን ክምችት ቆርጦ ማጋለጡ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው በገደሉ ውስጥ የሚያየውን አሸዋ ድንጋይ «ዓባይ ያመጣው አሸዋ» ብሎ ይገምታል፤ ይህም በመስክ ላይ ደጋግሜ የሰማሁት ስሕተት ነው።

ዝግጅት

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በክረምት ቁልቁለቱ ይንሸራተታል፤ ከየካቲት በኋላ ደግሞ የበረሃው ሙቀት ሥራ አያሠራም። ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,400 ሜትር የማያንስ በመሆኑ፣ ጠዋት ላይ ካፖርት ያስለበሰው ብርድ እኩለ ቀን ላይ በታች ፈጽሞ አይገኝም፤ ስለዚህ በቂ ውሃ መያዝና የታችኛውን ሥራ በማለዳ መጀመር ይገባል። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ያጣሩ፤ ወደ አካባቢው ቀበሌ ጎራ ብሎ የመጡበትን ጉዳይ ማስረዳትም ተገቢ ነው።

ከመሣሪያ በኩል መዶሻ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ኮምፓስ፣ የብረት ቢላዋ ወይም ሚስማር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ከፍታ የሚያሳይ ስልክ፣ እንዲሁም በጠብታ መያዣ የተሞላ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል። አሲዱ ከአሥር በመቶ በላይ ባይሆን ይሻላል፤ ከዐይንና ከልብስ ይጠብቁት። አሲድ ካላገኙ የሎሚ ጭማቂም ይሠራል፤ ነገር ግን ምላሹ ደካማ ስለሆነ በማጉያ መነጽር ተጠግቶ ማየት ግድ ይላል። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ያዘጋጃቸው ባለ 1፡250,000 መጠን ካርታዎች፣ በተለይ የደብረ ማርቆሱ ቅጠል፣ ከጉዞ በፊት ቢጠኑ ብዙ ይረዳሉ። ሆኖም ካርታውን አንብበው ከጨረሱ በኋላ አጥፈው ያስቀምጡት፤ በመጀመሪያው ቀን ያዩትን በራስዎ ዐይን ይጻፉ፣ ከካርታው ጋር ማታ ያስተያዩት።

ከጫፉ ላይ ሆኖ መመልከት

ከመውረድዎ በፊት ከጎሃ ጽዮን በኩል ባለው ጫፍ ላይ ቆመው ማዶውን ግድግዳ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይመልከቱ። ገደሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ክፍል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀጥሎ ያለው ተዳፍቶ እርሻና ቁጥቋጦ ይለብሳል፣ እንደገና ሌላ ቀጥ ያለ ገደል ይመጣል። ጠንካራ አለት ገደል፣ ልል አለት ደግሞ ተዳፋት ይሆናል። በዚህ ሕግ ብቻ፣ ድንጋዩን ሳይነኩ፣ ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ አለት፣ ከሥሩ አሸዋማውንና ጭቃማውን ክፍል፣ ከዚያ ፈዛዛ ቢጫ የመሰለውን የኖራ ድንጋይ ገደል፣ ከእርሱ በታች ሰፊውን የጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ ተዳፋት፣ ከሁሉም በታች ቀዩን አሸዋ ድንጋይ በንድፍ ማስቀመጥ ይቻላል። ንድፉ ውብ መሆን አያስፈልገውም፤ መስመሮቹ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚቋረጡ ማሳየቱ በቂ ነው።

በዚህ ንድፍ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨምሩ። ተዳፋቱን የሸፈነው ድንጋይ አብዛኛው ከላይ ተንከባልሎ ወይም ተንሸራትቶ የመጣ ነው። ባዛልት የሚባለው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት በጂፕሰሙ ላይ ተበትኖ ስለሚገኝ፣ ጀማሪ ሰው «እዚህ ባዛልት አለ» ብሎ ይመዘግባል፤ በዚያም ቅጽበት የአለቶቹ ቅደም ተከተል ይበላሽበታል። አንድ አለት በተፈጠረበት ቦታ ላይ መሆኑን የሚያረጋግጡት ንብርብሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳይቋረጥ መቀጠሉን፣ የንብርብሩም አቀማመጥ ከጎረቤቱ ጋር መስማማቱን በማየት ነው። እርግጠኛ ካልሆኑ የተቆረጠ የመንገድ ዳር ወይም ጎርፍ የጠረበው ቦይ ይፈልጉ፤ ተንሸራታቹ ድንጋይ እዚያ ይሳሳል።

ከታች መጀመር፦ ቀዩ አሸዋ ድንጋይ

የደለል አለት ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የታችኛው ቀድሞ የተከመረ ነውና። ከታች ጀምሮ መሥራት ጉልበት ቢጠይቅም፣ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ የሚጽፉ ሰዎች ታሪኩን በጭንቅላታቸው መገልበጥ ስለሚኖርባቸው ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ።

በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በተሠራው የህዳሴ ድልድይ አካባቢ የሚያገኙት ቀይና ጽጌረዳማ አለት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ስሙ የመጣው ከትግራይዋ አዲግራት ሲሆን፣ ያወጣለትም እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ ከላይ የምናገኘውን የአንታሎ የኖራ ድንጋይም የሰየመው እርሱ ነው። በዚህ ስፍራ የአሸዋ ድንጋዩ ውፍረት ወደ 300 ሜትር ይደርሳል። ዕድሜው ከትራያሲክ እስከ ጁራሲክ መጀመሪያ፣ ማለትም ከዛሬ 250 እስከ 175 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ዘመን ያካትታል። ከእርሱ በታች ያለውን፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረውን የጥንት መሠረት አለት ለማየት ወንዙን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ርቆ መሄድ ያስፈልጋል።

አለቱን በማጉያ መነጽር ሲያዩት የኳርትዝ ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ቢላዋ አይቧጭራቸውም፣ እነርሱ ግን መስታወት ይቧጭራሉ። አሲድ ቢያንጠባጥቡበት ቅንጣቶቹ አይፈሉም፤ ከፈላ ቅንጣቶቹን ያያያዘው ማጣበቂያ ኖራ ነው ማለት ነውና ይመዝግቡት። ቀጥሎ ከገደሉ ትንሽ ርቀው በንብርብሩ ውስጥ ያሉትን ሰያፍ መስመሮች ይፈልጉ። እነዚህ መስመሮች የጥንት ወንዝ አሸዋውን እየገፋ የሠራቸው የደለል ክምሮች ፊት ናቸው፤ የሚያዘነብሉበት አቅጣጫም ውሃው ይፈስ የነበረበትን ያመለክታል። በኮምፓስ ቢያንስ ሃያ ያህል ቦታ ላይ ለክተው አብዛኛው ወዴት እንደሚያመለክት ይዩ፤ አንድ ልኬት ብቻውን ምንም አይናገርም፣ ወንዝ ይጠማዘዛልና። ቀይ ቀለሙ የብረት ዝገት ነው፤ ደለሉ አየር ባለበት፣ ማለትም በደረቅ ምድር ወይም ጥልቀት በሌለው ወንዝ ውስጥ እንደተከመረ ምልክት ይሰጣል።

የጎሃ ጽዮን አለቶች፦ ባሕሩ ሲመጣና ሲሄድ

ከቀዩ ገደል በላይ ያለው ተዳፋት ብዙዎች ቶሎ የሚያልፉት ክፍል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ይህ ይመስለኛል። ወደ 450 ሜትር ውፍረት ያለው ይህ ድርብርብ ቀድሞ የዓባይ ንብርብሮች ይባል ነበር፤ ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ጌታነህ አሰፋ እ.ኤ.አ. በ1981 የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን ብለው ሰየሙት። በውስጡ ጂፕሰም፣ ዶሎማይት (ማግኒዥየም የያዘ፣ የኖራ ድንጋይ መሰል አለት)፣ የጭቃ ድንጋይና ቀጫጭን የአሸዋ ድንጋይ እየተፈራረቁ ይገኛሉ።

ጂፕሰሙን መለየት ቀላል ነው፤ ጥፍር ይቧጭረዋል፣ አሲድ አያፈላውም፤ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሐር ክር የሚያበሩ ደም ሥሮችን ይሠራል። ጀሶ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ዶሎማይት ግን ጀማሪን ያስቸግራል፤ መልኩ የኖራ ድንጋይ ይመስላል፣ ነገር ግን ቀዝቃዛ አሲድ ሲነካው እንደ ኖራ ድንጋይ ወዲያው አይፈላም። ትንሽ ቦታ በቢላዋ ፍቀው ዱቄቱ ላይ ያንጠባጥቡ፤ ዱቄቱ ቀስ ብሎ ከፈላ ዶሎማይት ነው። የጭቃ ድንጋዩን ደግሞ ትንሽ ቆርሰው በፊት ጥርስዎ ይሞክሩት፤ እንደ ቅቤ ከለሰለሰ እውነተኛ ሸክላ ነው፣ ከኮረኮረ ደቃቅ አሸዋ ተቀላቅሎበታል። የቆዩ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንምጣ። የባሕር ውሃ በተዘጋ ጥልቀት የለሽ ስፍራ ሲተን፣ መጠኑ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ሲወርድ ጂፕሰም መዝቀጥ ይጀምራል፤ የገበታ ጨው እንዲዘቅጥ ግን ውሃው ወደ አንድ አሥረኛ ያህል መውረድ አለበት። እንግዲህ ጂፕሰም በብዛት ባለበት ገደል የጨው ንብርብር ካላዩ፣ ውሃው እስከዚያ ደረጃ ሳይደርስ አዲስ የባሕር ውሃ እየገባ ያድሰው ነበር ወይም ጨው ቢኖርም በኋላ ሟሙቷል ብለው ማመዛዘን ይችላሉ። ሁለቱንም ግምት ይጻፉ፤ ከዚያ በንብርብሮቹ ውስጥ የጨው ኪዩብ ቅርጽ ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ እንዳለ ይፈልጉ። የጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ መፈራረቅ የሚነግረን ባሕሩ አንድ ጊዜ መጥቶ እንዳልቀረ፣ ይልቁንም ከደቡብ ምሥራቅ በኩል እየገፋና እያፈገፈገ ቀስ በቀስ ምድሩን እንደያዘ ነው። ኦጋዴን ለባሕሩ ቅርብ ስለነበረ በዚያ የባሕር አለቶቹ ይወፍራሉ፤ ዓባይ ግን ዳር ስለነበረ የባሕሩን መመላለስ በጉልህ መዝግቧል።

የኖራ ድንጋዩ ገደል

ከተዳፋቱ በላይ ወደ 400 ሜትር የሚደርሰው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይቆማል። የተከመረው በጁራሲክ ዘመን መጨረሻ፣ ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ቀደም ብሎ ባሕሩ ጸንቶ በቆየበት ጊዜ ነው። አሲድ ሲነካው በኃይል ይፈላል፤ ጥፍር አይቧጭረውም፣ ቢላዋ ግን ይቧጭረዋል። በታችኛው ክፍል የባሕር ትሎችና ሌሎች ፍጥረታት የቆፈሩት ዋሻ መሰል ጥርጊያ፣ በመካከሉ ብዙ የቅርፊት ቅሪተ አካላት፣ በላይኛው ክፍል ደግሞ የዓሣ እንቁላል የሚመስሉ ክብ ቅንጣቶች ይፈልጉ። ክብ ቅንጣቶቹ ማዕበል ሳያቋርጥ እያንከባለለ የሠራቸው ናቸው፤ ስለዚህ ከፍ እያሉ በሄዱ መጠን ባሕሩ ጥልቀት እያነሰው መጣ ማለት ነው። በባሌ ውስጥ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረው በዚሁ ዓይነት የኖራ ድንጋይ ውስጥ በመሆኑ፣ በዚህም ገደል ውሃ ያሰፋቸውን ስንጥቆች በጥንቃቄ መመልከት ለኋላው የውሃ ምርመራ ይጠቅማል።

ቅሪተ አካል ሲያገኙ ባለበት ይተዉት። ቅሪተ አካላት በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ናቸው፤ ከአለቱ የተላቀቀ ቅርፊት ደግሞ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ስለማይታወቅ ለሳይንስም ዋጋው ይቀንሳል። ለመጠን ማነጻጸሪያ እስክሪብቶ ጎኑ አስቀምጠው ፎቶግራፍ ያንሡት፣ ከፍታውንና ቦታውን ይመዝግቡ፣ ልዩ ነገር ከመሰለዎት ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ።

ወደ ላይ፦ ጭቃ ድንጋይ፣ አሸዋ ድንጋይ፣ ባዛልት

ከኖራ ድንጋዩ በላይ ባሕሩ ለቆ ወንዞች ተመልሰዋል። የሙገር ጭቃ ድንጋይና የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ የሚባሉት ይህንን ዘመን ይወክላሉ፤ አሸዋ ድንጋዩ እስከ 280 ሜትር ይወፍራል። ቀይና አረንጓዴ ቀለም ያለው የጭቃ ድንጋይ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በሙገር ሸለቆ ሲሆን፣ ከውስጡ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል።

ከዚህ በላይ ያለው ወሰን በመላው ጉዞ ውስጥ ትልቁን ክፍተት የያዘ ነው። የአሸዋ ድንጋዩ ከጁራሲክ ቀጥሎ ባለው በክሪቴሽየስ ዘመን መጀመሪያ የተከመረ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ባዛልት ግን የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በመካከሉ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሚሆን ጊዜ ምንም አለት ሳይተው አልፏል። በመስክ ላይ ይህ ሁሉ ዘመን አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ቀይ ያረጀ አፈር በመስመሩ ላይ ይገኛል፣ እርሱም ምድሩ ተጋልጦ ዝናብና ሙቀት ሲበላው እንደነበረ ይመሰክራል። ጣትዎን በዚህ መስመር ላይ አሳርፈው መቆም የሚያስገኘውን ስሜት በቃል ማስረዳት ይከብደኛል። ባዛልቱ ራሱ በቋሚ ምሰሶ መልክ ተሰነጣጥቆ ስለሚገኝ አያሳስትም፤ ዓባይም ገደሉን መቆፈር የጀመረው ከእርሱ መፍሰስ በኋላ ነው።

ውፍረትን መለካት

በዚህ ስፍራ ንብርብሮቹ በአብዛኛው ጠፍጣፋ ስለሆኑ ውፍረት መለካት እንደ ሌሎች ተፋሰሶች አያስቸግርም። የአንድ አለት የታች ወሰን ላይ ከፍታውን ይመዝግቡ፣ የላይ ወሰኑ ላይ ሲደርሱ እንደገና ይመዝግቡ፤ ልዩነቱ ውፍረቱ ነው። ለምሳሌ ታችኛው ወሰን 1,700 ሜትር፣ ላይኛው 2,100 ሜትር ላይ ቢሆን ውፍረቱ 400 ሜትር ይሆናል። የስልክ ከፍታ መለኪያ በአሥርና በሃያ ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል፣ ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በካርታው ላይ በተጻፈ ነጥብ፣ በየጊዜው ያመሳክሩት። አራቱን ዋና ዋና የደለል ክፍሎች ሲደምሩ ወደ 1,400 ሜትር ካልቀረበ፣ ወይ ወሰን ስተዋል ወይ በመካከል ስብራት፣ ማለትም አለቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ከሌላው የተዛነፈበት መስመር፣ አለ።

ስብራቱን የሚያገኙት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ተመሳሳይ ወሰን በወንዙ በዚህና በዚያ ማዶ በተለያየ ከፍታ ላይ ከተገኘ፤ ሁለተኛ፣ ንብርብሮቹ በድንገት ካዘነበሉና በመካከላቸው የተፈጨ አለት ከታየ። ይሁን እንጂ የጎሃ ጽዮን ተዳፋት በመሬት መንሸራተት የታወቀ ነው፤ ትልልቅ የአለት ክፍሎች ቅርጻቸውን ሳያጡ ወደ ታች ሊወርዱ ይችላሉ። ዝንባሌያቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ተራራው ከሆነና ከበላያቸው የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ካለ፣ ያዩት ስብራት ሳይሆን የተንሸራተተ መሬት ነው። ይህን መለየት ለመንገድ ሥራም ሕይወት የሚያድን ዕውቀት ነው፤ ጭቃ ድንጋዩ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ጂፕሰሙ ይሟሟል፣ በላያቸው ያለው ከባድ ፍርስራሽም ይጓዛል።

ሀብቱን ከአለቱ ማንበብ

የተመዘገበው የአለት ዓምድ ሲጠናቀቅ በእያንዳንዱ ንብርብር ጎን «ይህ ለምን ይውላል? ምን ይይዛል? ምን ያሳልፋል?» የሚሉትን ጥያቄዎች ይጻፉ።

ቀጥተኛው መልስ የግንባታ ማዕድን ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከእርሱ ጋር ሸክላ ይቀላቀላል፤ ተቃጥሎ በሚፈጨው ላይም ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይጠነክር ከሦስት እስከ አምስት በመቶ የሚሆን ጂፕሰም ይጨመርበታል። ሦስቱም በአንድ ሸለቆ ግድግዳ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው መገኘታቸው፣ የሲሚንቶ ሥራ በሙገርና በአካባቢው የተተከለበትን ምክንያት ያስረዳል። ጥራቱን በመጀመሪያ ደረጃ ለመገመት ናሙናውን በአሲድ ያሟሙት፤ የማይሟሟው ዝቃጭ ብዙ ከሆነ ሸክላና አሸዋ ይበዛበታል፣ ምላሹ ከዘገየ ደግሞ ዶሎማይት ተቀላቅሎበታል ብለው ይጠርጥሩ፤ ማግኒዥየም የበዛበት የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ አይመረጥም። ከላይኛው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነጭና ንጹሕ የሆነው ለመስታወትና ለጠርሙስ ሥራ ይፈለጋል፤ ቀዩ ግን ብረቱ መስታወቱን ስለሚያቀልመው ለዚህ አይሆንም።

ውሃው ከዚህ ይልቅ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። ውሃ በተሰነጣጠቀ ባዛልትና በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ይወርዳል፣ ጭቃ ድንጋይ ሲያገኝ ይቆማል፣ ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ፊት ይመነጫል። ስለዚህ ምንጮችን ሲመዘግቡ ከፍታቸውን ከአለት ወሰኖች ጋር ያስተያዩ፤ ብዙዎቹ በአንድ መስመር ላይ ከተሰለፉ ያ መስመር የማያሳልፍ አለት ራስ ነው። ከጂፕሰም ውስጥ የወጣ ውሃ መራራ ይሆናል፣ ሳሙናም አያረፋበትም፤ ለመንደር ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጂፕሰሙ ከየት እስከ የት እንደሆነ ሳያውቅ ቢጀምር ገንዘቡንም ድካሙንም ሊያጣ ይችላል። የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ውሃ የመያዝ አቅም ቢኖረውም፣ ከደጋው ላይ ለመድረስ ሁሉንም አለት ማቋረጥ ስለሚያስፈልግ ለደጋው ነዋሪ ሩቅ ተስፋ ነው።

ነዳጅን በተመለከተ የሚጠየቁት ነገሮች አራት ናቸው፦ ነዳጁን ያመነጨ እናት ድንጋይ፣ የሚያጠራቅም ባለ ክፍተት ድንጋይ፣ የሚከድን ድንጋይ፣ እና ነዳጁ የሚታገድበት ቅርጽ። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ለማጠራቀም ይስማማል፤ ከላዩ ያለው ጂፕሰምና ጭቃ ድንጋይ ጥሩ ክዳን ነው። እናት ድንጋይ የሚሆነው ጥቁር፣ በሕያዋን ቅሪት የበለጸገ ጭቃ ድንጋይ ሲሆን፣ ዘይት ለማፍለቅ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መሞቅ፣ ማለትም በተለመደው የምድር ሙቀት ጭማሪ ሁለትና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር መቀበር አለበት። በወሎ ወረ ኢሉ አካባቢ ዘይት ከምድር ሲያዥ መታየቱ በዚህ ተፋሰስ ውስጥ ነዳጅ መፈጠሩን ያመለክታል። ነገር ግን ዓባይና ገባሮቹ ክዳኑንም ማጠራቀሚያውንም ቆርጠው ባጋለጡበት ስፍራ ነዳጅ ቢኖር ኖሮ ያመልጥ ነበር፤ ስለዚህ በእኔ ግምት ፍለጋው ትርጉም የሚኖረው ከገደሎቹ ርቆ፣ አለቶቹ በባዛልት ሥር ተቀብረው ሳይቆረጡ በቀሩበት ነው። በዚያ ደግሞ ወፍራሙ ባዛልት ከምድር በታች ያለውን ለማየት የሚደረገውን የድምፅ ሞገድ ልኬት ስለሚያደበዝዝ ሥራው ይከብዳል።

የድንጋይ ከሰልን በእነዚህ የጁራሲክ አለቶች ውስጥ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። በጭልጋና በሙሽ ሸለቆ የሚታወቀው ከሰል በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል በነበሩ ረግረጎችና ሐይቆች ውስጥ የተፈጠረ፣ እጅግ የቅርብ ዘመን ክምችት ነው፤ ስለዚህ ፈላጊው ዐይኑን ወደ ባዛልቱ ንጣፎች መካከል ያንሣ።

ያገኙት ነገር ሁሉ ዋጋ ያለው ቢመስልዎትም መቆፈርና መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ማዕድን በሕገ መንግሥቱ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው፤ ሥራውም በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ይመራል። ለጥናት የሚወሰድ የጡጫ መጠን ያለው ናሙና ግን ከየትኛው ንብርብርና ከፍታ እንደመጣ በላዩ ተጽፎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መያዝ አለበት፤ ምልክት የሌለው ናሙና ቤት ሲደርስ ተራ ድንጋይ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ዓምዱን በንጹሕ ወረቀት ላይ በመጠን መሳል ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ለ50 ሜትር ቢሆን ሁሉም በአንድ ገጽ ይገባል። አለቱን በግራ፣ ቅሪተ አካሉንና የጥንቱን አካባቢ ትርጉም በመካከል፣ ምንጮችን፣ ማዕድንንና የሚንሸራተተውን ክፍል በቀኝ ያስቀምጡ። ጊዜ ሲያገኙ ያንኑ ሥራ በሙገር ወይም በጀማ ሸለቆ ይድገሙና ሁለቱን ወረቀቶች የኖራ ድንጋዩን የላይ ወሰን አገናኝተው ጎን ለጎን ያኑሯቸው። የንብርብሮቹ ውፍረት አንድ ሆኖ አያገኙትም፤ በአንዱ ቦታ የወፈረው ጭቃ ድንጋይ በሌላው ይሳሳል፤ የጥንቱ ወለል የት ይሰምጥ እንደነበረና የት ከፍ ብሎ እንደቆየ ማየት የሚጀምሩትም ከዚህ ልዩነት ነው።